ኮንቴይነር ከጅቡቲ ለማምጣት፦ ባቡር ወይስ ከባድ መኪና?

«ዕቃዬ ጅቡቲ ገብቷል፤ በባቡር ላምጣው ወይስ በመኪና?» አስመጪ ወዳጆቼ ይህን ጥያቄ ደጋግመው ስለሚያነሱልኝ መልሴን በጽሑፍ ላስቀምጠው። መድረሻው ሞጆ፣ እንዶዴ (አዲስ አበባ ዳር ያለው የባቡር ጭነት ጣቢያ) ወይም ድሬዳዋ ከሆነ ባቡር ይሻላል። ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄድ ከሆነ ግን ሂሳቡ ይለወጣል፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም ይህን ሂሳብ ሳይሠራ ውል ሲፈርም ነው። በመልቲሞዳል፣ ማለትም ከባሕር ማዶ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት፣ ለሚያስመጣ እስከ ደረቅ ወደብ ያለውን መጓጓዣ የሚወስነው አጓጓዡ ስለሆነ የምጽፈው በዋናነት በዩኒሞዳል፣ ማለትም ከጅቡቲ ወዲህ ያለውን መጓጓዣ ራሱ አመቻችቶ፣ ለሚያስመጣ ሰው ነው።

ስለ ፍጥነትና ስለ ጭነት አቅም አልዘረዝርም። ዋናው ጉዳይ ዋጋ ነው። ወዳጆቼ የሚያወዳድሩት የባቡሩንና የመኪናውን የማጓጓዣ ዋጋ ብቻ ነው፤ ይህ ጎዶሎ ንጽጽር ነው። ዕቃው መጋዘን እስኪገባና ባዶው ኮንቴይነር ተመልሶ እስኪረከብ ድረስ ከኪስ የሚወጣው ሁሉ መቆጠር አለበት፦ የወደብ ኪራይ፣ የመጫኛና የማውረጃ፣ የመኪና ማቆያ፣ የደረቅ ወደብ ማከማቻ፣ ባዶ መመለሻ፣ እንዲሁም ዲመሬጅ የሚባለው ኮንቴይነር የማዘግየት ቅጣት። የጅቡቲው ክፍያ በዶላር ስለሆነ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱ የመዘግየት ቀን በብር ሲመነዘር ክብደቱ ጨምሯል።

ለስሌት እንዲያመች ብቻ፣ መኪናው ከወደብ እስከ መርካቶ መጋዘን 100 ጠየቀ እንበል። ባቡሩ እስከ እንዶዴ 75 ቢጠይቅ ርካሽ ይመስላል። ማውረጃ 5፣ ከእንዶዴ ወደ መርካቶ የሚያደርስ መኪና 15፣ ባዶውን መመለሻ 5 ሲጨመርበት ግን 100 ሞላ። ከባድ መኪና ቀን ከተማ እንዳይገባ በሚከለከልበት ሰዓት ከተያዘ ደግሞ ሌላ የማቆያ ሂሳብ ይመጣል። መጋዘኑ ገላን ወይም ዱከም ቢሆን ኖሮ ያ 15 በእጅጉ ይቀንስ ነበር። ትርፍና ኪሳራውን የሚወስነው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ረጅሙ ሀዲድ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ያለችው አጭር መንገድ ናት።

ሂሳቡ እኩል ቢመጣ እንኳ ባቡሩን የምመርጠው በዋጋ ማቅረቢያው ላይ በማይጻፈው ወጪ ምክንያት ነው። መኪናው ጭኖ ሲመጣ ከአፋር ቆላ ወደ ደጋ ሽቅብ ይወጣል። ፍሪሲዮኑ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማውና ባሌስትራው የሚፈተኑት በዚህ ዳገትና በዚያ ሙቀት ነው። ባለንብረቱ ደግሞ የኦርጅናል መለዋወጫ ዋጋ ሲያስደነግጠው ኮፒ ይገዛል። የእኔን ዕቃ የጫነ መኪና ከአዋሽ ወዲህ የተሳቢው ኩሽኔታ ነዶ ቆሟል። የአዲሱ ኩሽኔታ ካርቶን ጋቢና ውስጥ ነበር። ካርቶኑን ለሚያይ ከኦርጅናሉ ምንም ልዩነት የለውም፤ ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን የተቀረጸ ሳይሆን የታተመ ስለነበር በአውራ ጣት ሲታሽ ይደበዝዛል። ሌላ መኪና ተፈልጎ፣ ክሬን ተከራይቶ ኮንቴይነሩ እስኪዛወር ድረስ የወጣው ገንዘብ ከባቡር «ለማትረፍ» የታሰበውን ሁሉ በላው። ውሉም «በብልሽት ለሚደርስ መዘግየት አጓጓዡ አይጠየቅም» ይል ነበር። በመኪና የምታመጡ ሰዎች ይህን አንቀጽ ፈልጋችሁ አሰርዙ፤ አንሰርዝም ካሉ ሌላ አጓጓዥ ፈልጉ።

የመኪና ዋጋ ሌላም ጠባይ አለው። ማዳበሪያ በሚገባበት ወቅት መኪኖች ወደዚያ ስለሚሰማሩ ለግል ጭነት የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ይሰቀላል። አሥር ኮንቴይነር ያለው ሰው በመኪና ሲያመጣ ዕቃው በተለያየ ቀን እየተንጠባጠበ ይደርሰዋል፤ አውራጅ በየቀኑ ይቀጥራል፣ በየቀኑ ይከፍላል። በባቡር ግን አንድ ላይ ጭኖ አንድ ላይ ማውረድ ይችላል።

ባቡሩም ችግር አለበት። ሀዲዱ ከሰበታ እስከ አዳማ ጥምር ቢሆንም ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ስለሆነ አንዱ ሲቆም ከኋላው ያለውም ይጠብቃል። ከብትና ግመል ይገጫል፤ የሀዲድና የኤሌክትሪክ መስመር ዕቃ ይሰረቃል። መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ጋር ተደውሎ መላ ይፈለጋል፤ ባቡር ሲቆም የዕቃው ባለቤት ከመጠበቅ በቀር አማራጭ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ነገ ለሚባል አስቸኳይ ዕቃ አንድ ኮንቴይነር ከሆነ በመኪና ቢመጣ አልቃወምም።

ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ደግሞ ባቡሩን ጨርሶ አያስበው። ከጅቡቲ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚያደርስ መንገድ እያለ ዕቃን ሞጆ ወስዶ እንደገና ወደ ሰሜን መመለስ በአንድ ጭነት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ ሀዲድ የታቀደው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነበር፤ ግንባታው ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ሥራ ሳይጀምር መቆየቱ ያንገበግበኛል። በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክም ደረቅ ወደብም ተሠርቷል። ሁለቱን ከወደብ የሚያገናኘው ሀዲድ አብሮ ካልተሠራ ግን የወሎ አምራች ሞጆ ዙሪያ ካለው ተፎካካሪው ጋር በዋጋ እንዲወዳደር መጠበቅ አግባብ አይደለም።

ሀዲድ አካባቢን እንደሚያሳድግ ድሬዳዋን ያየ አይጠራጠርም፤ ከተማዋን የቆረቆራት እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰው የድሮው ባቡር ነው። የአሁኑ መስመር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ለሞጆ፣ ለዱከምና ለድሬዳዋ ተመሳሳይ ዕድል ተከፍቷል። ስለዚህ መጋዘን ልትከራዩ ያሰባችሁ በካሬ ሜትር ዋጋ ብቻ አትወስኑ። ከመጋዘኑ እስከ ማውረጃ ጣቢያው የአንድ ኮንቴይነር ማመላለሻ ስንት እንደሆነ ከሦስት አጓጓዦች ጠይቁ፤ በዓመት በምታስገቡት ኮንቴይነር ብዛት አባዙትና ከኪራዩ ጋር ደምሩት። መሀል ከተማ ያለው መጋዘን ከዚህ ድምር በኋላም ረክሶ ከተገኘ እዚያው ተከራዩ።