አፓችንን ከሞት ላስነሳችልን ልጅ (ባህርዳር ያላችሁ አንብቡት)

ሰላም ናችሁ የባህርዳር ልጆች፣ ይሄን ሳልፅፍ ብተኛ ይከነክነኛል። እኛ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ ሰው የምናመላልስ ባለጀልባዎች ተዋጥተን ቦታ ማስያዣ አፕ አሰርተን ነበር፣ ከሁለት ወር ወዲህ ግን የጀልባዎቹ ዝርዝር ያለበት ገፅ ሲከፈት ስልኩ እንደ ምጣድ ይግልና ትንሽ ቆይቶ አፑ ድርግም ብሎ ይዘጋል። የሚገርመው የኔ ስልክ ላይ ምንም አይልም፣ የነጂዎቹ ርካሽ ስልኮች ላይ ነው እንጂ። የሰራልን ሰውዬ "ስልክ ቀይሩ" አለን (11 ስልክ እኮ ነው!)፣ ሌላው ደሞ የአፑን ካሽ (ስልኩ ላይ የሚጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል) አጥፍቶ ብሩን ተቀብሎ ሄደ።

ከዛ ፔዳ አካባቢ ያለች አንዲት ልጅ ጠቆሙኝ። "ጋሼ የሚዘጋውን ስልክ ያምጡልኝ እንጂ የርስዎን ምን ላርገው" አለችኝ፣ በዚችው ወደድኳት። ሀይቁ ዳር ቁጭ ብለን ስልኩን ላፕቶፗ ላይ ሰክታ ገፁ በተሳለ ቁጥር አንድ መስመር እንዲፅፍ አደረገች፣ ማንም ሳይነካው መስመሩ ይዥጎደጎዳል! አፑ የተሰራው ፍላተር በሚባል የአፕ መስሪያ ነው፣ ገፁ ተስሎ ሲያልቅ ቁመቱን የሚለካ ኮልባክ (በራሱ ጊዜ የሚጠራ ኮድ) አለ፣ እሱ የለካውን ይዞ ሴትስቴት (ገፁን እንደገና ሳል የሚለውን ትእዛዝ) ይጠራል፣ ገፁ እንደገና ይሳላል፣ ሲሳል ኮልባኩ እንደገና ይመጣል፣ እንዲህ እያለ በሰከንድ እስከ 60 ጊዜ። የኔ ስልክ ላይ ልኬቱ ሁለተኛው ዙር ላይ ይረጋል፣ የነሱ ላይ ግን ከነጥብ በኋላ ያለችው ቁጥር እየተለዋወጠች አትረጋም። በዛ ላይ በየዙሩ አዲስ ሊስነር (ለውጥ ሲመጣ የሚሰማ ኮድ) ይጨመራል የድሮውን የሚያነሳ የለም፣ የስልኩ ራም (ሚሞሪው) ሲሞላ አንድሮይዱ ራሱ አፑን ይገድለዋል። አብሮን የነበረው ነጂያችን "ጀልባ ሲያዘነብል ሰው ሁሉ ተነስቶ ወዲያ ማዶ እንደሚሮጠው ነዋ፣ ከዛ ደሞ በዚያ ያዘነብላል" ቢላት ሳቀችና በቃ እሱ ነው አለችው።

ያስተካከለችው ከ20 መስመር አይበልጥም፦ አዲሱ ልኬት ከድሮው ያለው ልዩነት ከ1 ፒክስል (ከአንድ የስክሪን ነጥብ) ካነሰ ዝም እንዲል፣ ሊስነሩ ኢኒትስቴት ላይ (ገፁ ሲጀምር) አንዴ ብቻ እንዲመዘገብና ዲስፖዝ ላይ (ገፁ ሲዘጋ) እንዲነሳ። ከዛ ሶስቱን አስቸጋሪ ስልኮች ገፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ትታቸው ቡና ጠጣን፣ ሶስተኛው ላይ ስንደርስ ነካ ነካ ባረጋቸው ቀዝቃዛ ናቸው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ ስልክ ቶሎ አታነሳም፣ ቴሌግራም ላይ ነው የምትመልሰው። ስሟን እዚ እንዳልፅፍ ስለነገረችኝ አፕ ያስቸገረው ካለ ኢንቦክስ ያርገኝ አገናኘዋለሁ።