ደብረ ማርቆስ ላይ ቆርቆሮ ለምትገዙ

ጣሪያዬ አርጅቷል። ሰኔ ሳይገባ ልቀይረው ብዬ ገበያው አጠገብ ወዳለ ቆርቆሮ ቤት ሄድኩ። ሻጩ ለመሸጥ አልተጣደፈም፤ ይሄ ብርቅ ነው። «እትዬ፣ በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮቱን ዘግተው ወደ ላይ ይመልከቱ» አለኝ። ብርሃን የሚገባው በምስማሩ ዙሪያ ብቻ ከሆነ አዲስ ባለ ጎማ ምስማር ይበቃል። ቆርቆሮው ራሱ ተበሳስቶ፣ ማገሩም ከበሰበሰ ግን መለጣጠፍ ብር ማባከን ነው። የእኔው ወንፊት ሆኖ ተገኘ።

ጌጁን፣ ማለትም የቆርቆሮውን የውፍረት ቁጥር፣ ጠይቁ። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ከ32 ይጠነክራል፣ ዋጋውም እንደዚያው። እኔ 28 ወሰድኩ። የጎጃምን በረዶ ስስ ቆርቆሮ አይችለውም።

ማድረሻቸው ግን ቀሽም ነው። ጋሪው አርፍዶ መጣ፤ ሁለቱ ቆርቆሮ ጠርዛቸው ተጣሟል። ያለ ጭቅጭቅ ቀየሩልኝ። የጣሪያው ሁለት ጎን አናት ላይ የሚገናኝበትን የሚሸፍነው ክዳን ለብቻው ይከፈልበታል፤ ቀድማችሁ አስደምሩ።