ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ለምትፈልጉ በሙሉ፣ ጠባሴ ያሉትን ጋሼን አመስግኑልኝ

በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀጥሎ ጠባሴ ያሉት ሽማግሌው ደላላ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደላላ ተመሰገነ ብላችሁ የምትገረሙ ብዙ ናችሁ አውቃለሁ፣ ያየሁትን ብታዩ ግን እናንተም ትመርቋቸዋላችሁ። ስሜን እንዳታወጪው ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ነው የምጽፈው።

ብሩ የኔ አይደለም፣ የእህቴ ነው። ጅዳ ሰው ቤት እየሰራች ከአፏ ቆጥባ የላከችው። እናታችን መሀል ሜዳ ብቻዋን ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ እኔ ደግሞ ስራዬ እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽም ብትሆን አንድ ቤት ገዝተን እማዬን እናምጣት ተባባልን። ግን ደብረ ብርሃን ፋብሪካው ከበዛ ወዲህ የቤት ዋጋው አይቀመስም፣ ደላላውም እንደዛው በዝቷል።

መጀመሪያ ያገኘሁት ልጅ እህቴ እህቴ እያለ አፉ ማር ነው። ሻጩ ከዚህ ዋጋ አንድ ብር አይቀንስም፣ ዛሬ ቀብድ ካልሰጠሽ ነገ የለም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ብሩን ይዞ ቆሟል አለኝ። ባለቤቱን ላናግረው ስለው አይመቸውም ይለኛል፣ ሁሌ አይመቸውም። በኋላ የሻጩ ዘመድ ለቅሶ ቤት አግኝታኝ ዋጋውን ስትነግረኝ ደርቄ ቀረሁ፣ ሰውየው የጠየቀው ከዛ እጅግ ያነሰ ነው! ልዩነቱን ልጁ ሊበላው ነበር፣ ያውም ከኔም 2 ፐርሰንት ከሻጩም 2 ፐርሰንት ተቀብሎ። የእህቴ ላብ እኮ ነው። ሌላው ደላላ ደግሞ ወስዶኝ በሩን የከፈተችልን የሻጩ ሚስት ቤቷ እንደሚሸጥ የሰማችው ከኛ አፍ ነው፣ የልጇን እጅ ይዛ ስታየን አሁን ድረስ አይኔ ላይ አለች። እሱ ግን ምንም ሳይመስለው ግቢውን እያስለካኝ ነበር።

ጋሼን የጠቆመችኝ የስራ ባልደረባዬ ናት፣ እሷንም እግዜር ይስጣት። መጀመሪያ ያሳዩኝ ቤት በር ላይ ደርሰን ላንኳኳ ስል እጄን ያዝ አደረጉና "ልጄ ቆይ፣ ሳንገባ አንድ ነገር እወቂ። ይሄን ቤት ሽጥልን ብለው የያዙኝ ባለቤቶቹ ናቸው፣ የምቀበለውም ከነሱ ነው፣ እዚህ ቤት ላይ የሻጭ ሰው ነኝ። እስከ ስንት እንደምትችዪ ለኔ እንዳትነግሪኝ፣ ዋጋ ላይ የሚያማክርሽ የራስሽን ሰው ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ያን ያህል ጊዜ ስንከራተት አንድ ሰው እንኳን እኔ የማን ሰው ነኝ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም፣ ሁሉም ላንቺ ብዬ ነው ነው የሚሉት። እሳቸው ግን ቤቱን ሳላየው፣ ገና በር ላይ።

እዛ ቤት በዋጋ አልተስማማንም። ሲሸኙኝ "አሁን ከፈለግሽ ላንቺ ልያዝ፣ ያኔ ኮሚሽኔን ካንቺ ብቻ እቀበላለሁ፣ ከሻጭ አምስት ሳንቲም አልነካም" አሉኝ፣ ፐርሰንቱንም እዛው ተነጋግረን በወረቀት ጻፍነው። ከዛ በኋላማ ሌላ ሰው ናቸው። ያገኙልኝን ቤት ስናይ ሻጩ ስለ ሳሎኑ ሲያወራ እሳቸው ጓዳ ገብተው ቁም ሳጥኑን ራሳቸው ገፉትና ከኋላው ያለውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ልስኑ እርጥበት ጠጥቶ እጃቸው ላይ ተፈረፈረ። "ይሄ ዋጋው ላይ ይታሰባል" አሉ ሻጩን ፊት ለፊት፣ ታሰበም። ማዘጋጃ ቤትም አብረውኝ ሄዱ፣ ካርታው በሰውየው ስም ነው ወይ፣ የባንክ ዕዳ ወይ የፍርድ ቤት እገዳ አለበት ወይ ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ፣ የቀረውን እኔ አልገባኝም፣ ለሳቸው ግን ገብቷቸዋል።

ሻጩ ቀብዱን ዛሬ ስጪኝ ሲል "ባለቤትዎ የት ናቸው?" አሉት። ሞላሌ ለቅሶ ሄዳለች አለ ሻጩ። "እንግዲያው እስኪመጡ እንጠብቃለን፣ የጋራ ቤት ያለ ሚስት ፊርማ አይሸጥም።" ለኔም ለብቻዬ አስረዱኝ፣ ቀብድ ሰጥተሽ አንቺ ብትተዪው ብርሽ ይቀራል፣ እሱ ቢተወው ግን እጥፉን ነው የሚመልሰው፣ ስለዚህ በወረቀት ካልሆነ በቀር እንዳትሰጪ አሉኝ። ሴትየዋ መጣች፣ ወዳ ፈረመች፣ ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ጸደቀ። እህቴ ከጅዳ በቪዲዮ ስትደውል ስልኬን ተቀብለው ከክፍል ክፍል እየዞሩ ያን እርጥብ ግድግዳ ሳይቀር አሳዩዋት፣ "ብርሽ ነው ልጄ፣ ደህና አድርገሽ እዪው" እያሉ። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

እማዬ አሁን እኔ ጋ ናት ተመስገን። ብር ልጨምርልዎ ብላቸው በጭራሽ፣ የተስማማነውን ብቻ ተቀበሉ። እማዬ ግን መች ትለቃለች፣ ከመንዝ ያመጣችውን ባና አውጥታ በግድ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ፣ እሱን እምቢ አላሉም።

እና ወገኖቼ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ከማንም ደላላ ጋር ቤት ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት የማን ሰው ነህ፣ ኮሚሽንህን የምትቀበለው ከማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ ብር ከአረብ ሀገር የምትልኩ እህቶቼ። የጋሼን ስልክ ኢንቦክስ ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነው የሚያነሱት፣ ካላነሱ ደጋግማችሁ ሞክሩ፣ እና ስትደውሉ ለመግዛት ይሁን ለመሸጥ መጀመሪያ ንገሯቸው፣ ባንድ ቤት ላይ ለሁለቱም ወገን አይዙም።