ኤድንብራ ውስጥ ኪልት ያሰፋንበት ሱቅ

ባለቤቴ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ጎሳው የሉዊስ ደሴት ማክላውድ። ለሠርጋችን የለበሰውን ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት፣ ቀሚስ የሚመስል ባለ እጥፋት ባህላዊ ልብስ) ያሰፋነው ሮያል ማይል ከሚባለው የከተማዋ ታዋቂ ጎዳና ወረድ ብሎ በሚገኝ አነስተኛ ሱቅ ነው። 7 ሜትር ያህል የሱፍ ጨርቅ ገባበት። ሰፊዋ የኋላውን እጥፋት አንድ በአንድ በእጇ ስትሰፋ ቆሜ አየሁ፤ ቢጫው ከቢጫው፣ ቀጭኗ ቀይ መስመር ከቀይዋ እየገጠመች የጎሳው መለያ የሆነው ጥለት የትም አልተዛነፈም።

ይበልጥ የወደድኩት የሱቁን ሰዎች ሐቀኝነት ነው። አብዛኞቹ የጎሳ ጥለቶች የጎሳ ስም የወጣላቸው ከጥንት ጀምሮ ሳይሆን የብሪታንያው ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1822 ኤድንብራን በጎበኙበት ዘመን አካባቢ መሆኑን ሳይደብቁ ነገሩን። ቢሆንም አማቴ ልጃቸው ለብሶት ሲያዩ እንባቸውን መግታት አልቻሉም።

በ10 ሳምንት ይደርሳል ያሉት 14 ፈጀ፤ ይህ አስጨንቆኛል። ዋጋውም ከባድ ነው። ግን በማሽን ከተሰፋው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እጥፋቱን ዳስሱት፤ ልዩነቱ ይገባችኋል።