ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 እና ስፖትማቲክ ካሜራ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

አሳሂ ፔንታክስ ስፖትማቲክ ካሜራንና ከእርሱ ጋር የያዝኩትን ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ መጠቀም ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው (የኤፍ ቁጥር የአፐርቸሩን፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ ስፋት ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌንሱን በሁለት መንገድ ሠርቼበታለሁ፤ በአንድ በኩል በተሠራለት የፊልም ካሜራ ላይ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በአዳፕተር (ሌንስን ከሌላ ዓይነት ማሰሪያ ጋር በሚያገናኝ ቀለበት) አማካይነት በዘመናዊ ሚረርለስ (በውስጡ መስታወት በሌለው) ዲጂታል ካሜራ ላይ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ካሜራው ጥሩ ነው፣ ሌንሱ ግን ከጥሩም በላይ ነው። ስለ አሮጌ ሌንሶች ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የምስሉ ለዛ ነው፤ እኔን ግን ይህን ሌንስ ከእጄ እንዳላወጣው ያደረገኝ የፎከስ ቀለበቱ፣ ማለትም ምስሉን ለማጥራት የሚዞረው ቀለበት ነው።

ስፖትማቲክ እ.ኤ.አ. በ1964 ለሽያጭ የቀረበ የጃፓን ካሜራ ሲሆን፣ ብርሃንን በራሱ በሌንሱ በኩል የሚለካ የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራን ለብዙ ሰው ካደረሱት መካከል ቀዳሚ ስፍራ አለው። ሌንሱ የሚገጠመው ኤም 42 በሚባለው፣ ተጠምዝዞ በሚገባ ማሰሪያ ነው። የማሰሪያው ስፋት 42 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ማሰሪያ እ.ኤ.አ. በ1949 በጀርመን ካሜራዎች ላይ ወጥቶ በኋላ የሶቪየትና የጃፓን ፋብሪካዎች የተጋሩት በመሆኑ፣ ዛሬ በአንድ ስፖትማቲክ ላይ የየናውን ካርል ዛይስም፣ የሶቪየቱን ሄሊዮስም፣ ታኩማሮችንም እያፈራረቁ መሥራት ይቻላል። ጉድለቱ ሌንስ መቀየር ጊዜ መውሰዱ ነው። አንዱን ፈትቶ ሌላውን እስኪያጠብቁ ድረስ የሚነሳው ነገር ሊያመልጥ ስለሚችል፣ እኔ ቀኑን በአንድ ሌንስ መዋልን መርጫለሁ።

ወደ ቀለበቱ ልመለስ። የሱፐር ታኩማር የፎከስ ቀለበት ጎማ የለበሰ ሳይሆን ጎድጎድ እያለ የተቀረጸ ብረት ነው። ሁለት ጣት ሲያርፍበት ሳይንሸራተት፣ ሳይንገጫገጭ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ዓይነት ክብደት ይዞራል። ከ0.45 ሜትር እስከ መጨረሻው ርቀት ለመድረስ ከግማሽ ዙር በላይ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። በአውቶ ፎከስ ሌንሶች ላይ ያለው ቀለበት ሞተሩን ለማፍጠን ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አጭር መንገድ ብቻ ስለሚሄድ፣ በእጅ ሲስተካከል ትንሽ ንክኪ ፎከሱን ወዲያና ወዲህ ይወረውረዋል። እዚህ ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ በተለይም ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ቁጥሮቹ እየተራራቁ ስለሚሄዱ፣ ጥንቃቄ በሚፈለግበት ቦታ ላይ እጅ ሰፊ ቦታ ያገኛል።

ይህ ጥንቃቄ ቅንጦት አይደለም። በኤፍ 1.4 አንድ ሜትር ርቀት ላይ ያለን ሰው ፊት ሲያነሱ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ወደ 0.45 ሜትር ሲጠጉ ደግሞ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቅንድቡ ጠርቶ ዓይኑ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ተነሺው እስትንፋስ ሲወስድ እንኳ ፎከሱ ሊሸሽ ይችላል። በስፖትማቲክ መመልከቻ መሃል ላይ ጥቃቅን ፕሪዝሞች የተደረደሩበት ክብ አለ። ፎከሱ ካልገባ በዚያ ክብ ውስጥ ያለው ምስል ይንቀጠቀጣል፣ ይሰባበራል፤ ሲገባ በአንዴ ይረጋጋል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ክቡን የተነሺው የቅርብ ዓይን ላይ አሳርፌ፣ ቀለበቱን ትክክለኛውን ነጥብ በጥቂቱ እስኪያልፍ አዞራለሁ፤ ከዚያ መልሼ መንቀጥቀጡ የሚያቆምበት ላይ እተወዋለሁ። በጣም ቅርብ ስሆን ቀለበቱን ጨርሶ ትቼ ሰውነቴን በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ በማዘንበል እጨርሰዋለሁ። ይህ ዘዴ እጅ ከለመደው በኋላ ከሚያስቡት በላይ ፈጣን ነው።

ቀን ከቤት ውጭ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፎከስ ማስተካከል ጭራሽ አያስፈልግም። ሌንሱ ላይ ከርቀት ቁጥሮቹ ሥር የጥልቀት መለኪያ መስመሮች ተቀርጸዋል። አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ፣ ርቀቱን ደግሞ ከ5 ሜትር ጥቂት አለፍ አድርገው ካስቀመጡት፣ ከ2.6 ሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ተቀባይነት ባለው ጥራት ይወጣል። በዚህ አሠራር ካሜራውን ወደ ዓይን ማንሳትና መጫን ብቻ ነው የሚቀረው፤ የትኛውም አውቶ ፎከስ ከዚህ ሊቀድም አይችልም። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሌንሶች ይህን መለኪያ ከላያቸው ላይ አንስተውታል፤ እኔ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። ርቀትን በዓይን የመገመት ችሎታዬ ያደገው ከዚያ መለኪያ ጋር ስሠራ ነው፤ ዛሬ ሁለት ሜትርንና ሦስት ሜትርን ሳልጠራጠር እለያለሁ።

የብርሃን አለካኩ ከዘመናዊ ካሜራ የተለየ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። በሌንሱ ማሰሪያ ጎን ያለችውን ማብሪያ ወደ ላይ ሲገፉ፣ አፐርቸሩ በተመረጠው ቁጥር ይጠብባል፣ መመልከቻው ይጨልማል፣ በቀኝ በኩል ያለው ቀስትም መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሹተር ስፒዱን (መጋረጃው፣ ማለትም ሹተሩ፣ ለብርሃን ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ) ወይም አፐርቸሩን እየቀየሩ ቀስቱን መሃል ማድረስ ነው። ሹተሩ ሲጫን ማብሪያዋ ራሷ ተመልሳ መለኪያውን ታጠፋለች። አሠራሩ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ቢጠይቅም በምላሹ ፎቶው ምን ያህል ጥልቀት እንደሚኖረው በዓይን ያሳያል። ይሁን እንጂ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ኤፍ 11 ላይ ሆኖ በዚያ ጨለማ ውስጥ ቀስቱን መፈለግ ዓይንን ያደክማል። መለኪያው የሚወስደው የጠቅላላውን ምስል አማካይ በመሆኑም፣ ከጀርባው ሰማይ ወይም መስኮት ያለ ሰው ጠቁሮ ይወጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጠጋ ብዬ ፊቱን ብቻ ለክቼ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ፤ መጠጋት ካልተቻለ ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ ብርሃን እጨምራለሁ (አንድ ደረጃ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)።

ባትሪው ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ጉዳይ ነው። ካሜራው የተሠራው 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ሲሆን፣ ያ ባትሪ ዛሬ አይመረትም። ደግነቱ የስፖትማቲክ መለኪያ የተሠራበት የኤሌክትሪክ ዑደት የቮልት ልዩነትን ስለሚቋቋም፣ 1.55 ቮልት የሚሰጥ ተራ ሲልቨር ኦክሳይድ ባትሪ ያለ ምንም ማስተካከያ ይሠራል። በእኔው ካሜራ ንባቡን ከዲጂታል ካሜራው ጋር ደጋግሜ አስተያይቼ የሚያሳስብ ልዩነት አላገኘሁበትም። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ሹተሩ ሙሉ በሙሉ መካኒካል ስለሆነ መለኪያው ብቻ ነው የሚቀረው። በጠራ ፀሐይ አፐርቸሩን ኤፍ 16፣ ሹተር ስፒዱን ከፊልሙ አይኤስኦ (ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙን ከሚያሳየው ቁጥር) ጋር የተቀራረበ ማድረግ በቂ ነው፤ ለአይኤስኦ 100 ፊልም 1/125 ሴኮንድ ማለት ነው።

የሹተሩ ከፍተኛ ፍጥነት 1/1000 ሴኮንድ መሆኑ ግን ከሌንሱ ጋር ይጋጫል። አይኤስኦ 400 ፊልም ተጭኖ በጠራ ፀሐይ በ1/1000 ቢነሳ አፐርቸሩ ኤፍ 11 አካባቢ መሆን አለበት፤ አይኤስኦ 100 ቢሆን ኤፍ 5.6። ኤፍ 1.4 በቀን ብርሃን የሚታሰብ አይደለም፤ ብርሃን የሚቀንስ ባለ 49 ሚሊ ሜትር ፊልተር ካልተገጠመ በስተቀር። ስለዚህ በፊልም ካሜራው ላይ የሌንሱ ሰፊ አፐርቸር የጥላና የቤት ውስጥ መሣሪያ ነው።

በምስሉ ጥራት ላይ ያለኝ አስተያየት ይህ ነው። በኤፍ 1.4 ዝርዝሩ አለ፣ ነገር ግን በላዩ ላይ ቀጭን ብርሃናማ ጉም ያረፈበት ይመስላል፤ በደማቅ ጠርዞች ዙሪያም ወይን ጠጅና አረንጓዴ ጥላ ይታያል። ለሰው ፊት ይህ ልስላሴ ይስማማል፤ ለጽሑፍ፣ ለቅጠል፣ ለሕንፃ አይስማማም። ኤፍ 2 ላይ ጉሙ ይሳሳል፣ ኤፍ 2.8 ላይ ይጠፋል፤ ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ምስሉ እስከ ጥጎቹ ድረስ ጥርት ይላል፤ በዚህ ክልል ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በአዲስ ሌንስ ከተነሱት ለመለየት እኔ ራሴ እቸገራለሁ። ዋነኛ ድክመቱ ፀሐይን ፊት ለፊት ሲገጥም ነው። የሱፐር ታኩማር ብርጭቆዎች ሽፋን እ.ኤ.አ. በ1971 ከመጣው ባለ ብዙ ንብርብር የታኩማር ሽፋን ያነሰ ስለሆነ፣ ብርሃን ከጎን ሲገባ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ሌንስ ሁድ (የጎን ብርሃን የሚከልል ጥላ) ሳይገጠምለት እንዲወጣ አልመክርም።

የዚህ ሌንስ የመጀመሪያ ስሪት ስምንት ብርጭቆዎች ነበሩት። የእኔው ግን ኋላ የመጣው ባለ ሰባት ብርጭቆ ሲሆን፣ በዚህኛው ውስጥ ቶሪየም የተቀላቀለበት ብርጭቆ አለ። ቶሪየም ብርጭቆው ብርሃንን በብርቱ እንዲያጥፍና ቀለማትን ግን ብዙ እንዳይበትን ያደርጋል፤ በወቅቱ የተመረጠበትም ምክንያት ይኸው ነው። ንጥረ ነገሩ ራዲዮአክቲቭ በመሆኑ በዓመታት ውስጥ ብርጭቆውን ከውስጥ ቢጫ ያደርገዋል። የእኔው ወደ እጄ ሲገባ በነጭ ወረቀት ላይ ሲታይ የሻይ ቀለም ነበረው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሰማዩን በመጠኑ ከማጥቆር በቀር ጉዳት የለውም፤ ዲጂታል ካሜራም ቀለሙን ራሱ ያስተካክለዋል። በቀለም ፊልም ላይ ግን ሁሉ ነገር ይሞቃል፣ የሚገባውም ብርሃን ይቀንሳል። መፍትሔው አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ሌንሱን አፐርቸሩን ከፍቼ ከአልትራቫዮሌት ኤልኢዲ መብራት ሥር ለቀናት አቆየሁት፤ ቢጫው ቀስ በቀስ ለቀቀ፣ ዛሬ ሊታይ የሚችል ቀለም የቀረበት አይመስለኝም። ስለ ጨረሩ ለሚሰጉ ሰዎች፦ በካሜራ ላይ ገጥሞ ፎቶ ለማንሳት የሚያሰጋ አይደለም፤ ሊደረግ የማይገባው ብርጭቆውን መፈቅፈቅ፣ መስበርና ዱቄቱን መተንፈስ፣ ወይም ሌንሱን አፍርሶ ብርጭቆውን ዓይን ላይ የሚደገን ማጉያ ማድረግ ነው።

በዲጂታል ካሜራ ላይ ሌንሱ ሁለተኛ ሕይወት አግኝቷል። የኤም 42 ሌንስ ከማሰሪያው እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቀት ይፈልጋል፤ የሶኒ ኢ ማሰሪያ ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አዳፕተሩ ክፍተቱን የሚሞላ ባዶ ቱቦ ብቻ ነው፣ ብርጭቆ አያስፈልገውም። የኒኮን ኤፍ ማሰሪያ ርቀት ግን 46.5 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ በእነዚያ ካሜራዎች ላይ ማስተካከያ ብርጭቆ ያለው አዳፕተር ካልተጠቀሙ ሌንሱ ሩቅ ያለውን ነገር ማጥራት አይችልም። አዳፕተር የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ቢያጣራ መልካም ነው። ፎከስ የገባበትን በቀለም የሚያሳየው የካሜራው አገልግሎት በኤፍ 1.4 ላይ ብዙ የሚታመን አይደለም፤ ምስሉን አጉልቶ ማየት ይሻላል። ካሜራው የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ከሆነም 50 ሚሊ ሜትር የሚለውን ቁጥር በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ሌንሱ ለካሜራው የሚነግረው ነገር የለምና።

ለሚሮጡ ሕፃናትና ለስፖርት ይህን ጥንድ አልመክርም፤ የስፖትማቲክ መመልከቻ ለዓይን ጉድለት የሚስተካከል ባለመሆኑም መነጽር የሚያደርግ ሰው ከመግዛቱ በፊት ቢሞክረው ይመረጣል። ሲመረምር በሌንሱ ውስጥ በኃይለኛ መብራት ሻጋታና ጭጋግ ይፈልግ፤ የአፐርቸሩ ምላጮች ዘይት ነክቷቸው እንዳይዘገዩ ይፈትሽ፤ የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ በ1/1000 ሹተሩን ወደ ብርሃን አቅጣጫ ይጫንና ክፍተቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ማብራቱን ይመልከት። ቅባቱ የደረቀ ካሜራ በዚህ ፍጥነት የምስሉን አንድ ጎን ያጠቁራል፤ እንዲህ ያለው ጠርጎ በሚያቀባ ባለሙያ እጅ ካላለፈ በፊልም ሊታመን አይገባም። ቶሪየሙንም ሆነ የኤፍ 1.4ን ጉም የማይፈልግ ሰው የሶቪየቱን ሄሊዮስ 44-2 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 በዚሁ ማሰሪያ ላይ መሞከር ይችላል፤ የጀርባውን ብዥታ እያሽከረከረ የሚስል ሌንስ ስለሆነ ግን ለእኔ ሥራ ታኩማሩ ይበልጥብኛል።