በመጠነኛ ገንዘብ የሚታመን ሽጉጥ፦ ማካሮቭና ተፎካካሪዎቹ

ሕጋዊ ፈቃድ ኖሮት በመጠነኛ ገንዘብ አንድ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ለመምረጥ የሚያስብ የጎንደር ሰው ቢጠይቀኝ፣ በደህና የተያዘ ማካሮቭ እንዲፈልግ እመክረዋለሁ። ይህን የምለው ማካሮቭ ከሁሉ የተሻለ ሽጉጥ ስለሆነ አይደለም፤ አይደለምም። ነገር ግን በመሣሪያ ግምጃ ቤት ጥገና ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ሽጉጦች መካከል አቧራን፣ ቸልተኛ ባለቤትንና የዓመታት እርጅናን እንደ እርሱ የሚችል ብዙም አላጋጠመኝም። በእጃችን ያለው ገንዘብ ትንሽ ሲሆን ደግሞ የምንገዛው ያገለገለ ዕቃ መሆኑ አይቀርምና፣ ይህ ችሎታው ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ማካሮቭ በሶቪየት ኅብረት ለጦር ሠራዊት የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከነዳፊው ከኒኮላይ ማካሮቭ ነው። ኢዠቭስክ ከሚገኘው ፋብሪካ በተጨማሪ በምሥራቅ ጀርመን፣ በቡልጋሪያና በቻይናም ተመርቷል። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ 161 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። የአስተማማኝነቱ ምክንያት የአሠራሩ ቅለት ነው። በርሜሉ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ ስለተሠራ ሲተኮስ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ወደ ኋላ የሚሸሸው የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ብቻ ሲሆን፣ እርሱን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላም በበርሜሉ ዙሪያ የተጠመጠመ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ሞላ ደግሞ ለመዶሻውም ለምላጩም ኃይል ይሰጣል፤ የታችኛው ጫፉ ካዝናውን ይዞ ያቆማል። ሥራ የበዛበት ክፍል ቶሎ ይሰበራል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ እኔ ግን ይህ ሞላ ተሰብሮ አላየሁም። ሽጉጡን ፈትቶ ለማጽዳት መሣሪያ አያስፈልግም፤ የምላጩን ዘብ (ምላጩን ከቦ የሚጠብቀውን ቀለበት) ወደ ታች ስቦ ተንሸራታቹን ወደ ኋላና ወደ ላይ ማንሳት ይበቃል።

ጉድለቶቹን ግን መሸፋፈን አያስፈልግም። መዶሻው ሳይነሣ የሚተኮሰው የመጀመሪያ ጥይት ምላጩ ከባድ ስለሆነ ልምድ የሌለው ሰው ዒላማውን ይስታል። የካዝናው መልቀቂያ እጀታው ሥር ስለሚገኝ ካዝና መቀየር ሁለት እጅ ይጠይቃል። መቆለፊያው ወደ ላይ ሲገፋ ይቆልፋል፤ የተነሣውንም መዶሻ ያለ አደጋ ያወርዳል። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ ሆኖም በተለመደው የጣሊያን ሽጉጥ በቤሬታ 92 ላይ የሚቆለፈው በተቃራኒው ወደ ታች በመግፋት ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገረ ሰው እጁ እስኪለምድ ድረስ ባዶ ሽጉጥ ይዞ ደጋግሞ መለማመድ አለበት።

ከሁሉም በላይ ገዢዎችን የሚያሳስተው የጥይቱ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር» ብሎ ያልፋል፤ የማካሮቭ ጥይት ግን ቀለሃው 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቤሬታ 92፣ ብራውኒንግና አብዛኞቹ ዘመናዊ ሽጉጦች የሚጎርሱት 19 ሚሊ ሜትር ቀለሃ ያለውን ነው። የእርሳሱ ውፍረትም እኩል አይደለም፤ የማካሮቩ 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሌላው 9.01 ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ምትክ አይገባም፤ «ትንሽ ቢጠብም ይገባል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ከእርሱ ምንም አይግዙ። ሽጉጥ ከመምረጥዎ በፊት በፈቃድዎ መሠረት የትኛውን ጥይት ሳይቸገሩ እንደሚያገኙ ማጣራት ይገባል፤ ጥይት የማይገኝለት ጥሩ ሽጉጥ የግድግዳ ጌጥ ነው።

ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭ በዋጋም በስምም የማካሮቭ ጎረቤት ነው። ቀጭን፣ ጠንካራና ለማነጣጠር ምቹ ሲሆን፣ 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይቱ በሴኮንድ ከ400 ሜትር በላይ ይፈተለካል። እኔ ለቤት ጥበቃ አልመርጠውም። ግድግዳቸው ጭቃ በሆነና ተጣብቀው በተሠሩ ቤቶች መካከል እንዲህ ያለ ፈጣን ጥይት የሚቆመው ማን ዘንድ እንደሆነ አይታወቅም። በተጨማሪም መጀመሪያ በተሠራበት መልኩ የእጅ መቆለፊያ የለውም፤ ያለው የመዶሻው የግማሽ መነሻ (መዶሻው በከፊል ተነሥቶ የሚያዝበት ቦታ) ብቻ ነው፤ በዚያ ተማምኖ ጥይት አጉርሶ መታጠቅ ደግሞ ከራስ እግር ጋር መወራረድ ነው። የድሮ ጥይቶቹ ከተተኮሱ በኋላ በበርሜሉ ውስጥ ዝገት የሚጠራ ጨው ስለሚተዉ፣ በዚያው ቀን በሙቅ የሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ ዘይት መቀባት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የቤልጅጉ ብራውኒንግ፣ 13 ጥይት የሚይዘው፣ እና የቼኮዝሎቫኪያው ሲዜድ 75 በእጅ አያያዝም በዒላማም ማካሮቭን ይበልጣሉ። ገንዘቡ ላለው ሰው ክርክር የለኝም። ሲዜድ 75 ግን ባዶውን አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ለሚውል ሰው ይከብዳል፤ ብራውኒንግ ደግሞ በዕድሜ የገፋ ሆኖ ሲገኝ የካዝናው ሞላ መድከሙን መጠርጠር ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1941 ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ በየቤቱ ቀርተዋል የሚባሉት ትንንሾቹ የ1934 ቤሬታዎች ለታሪክ እንጂ ለአገልግሎት አይታሰቡም፤ አያት ያወረሱት ከሆነ በክብር ተጠርጎ በሕግ መሠረት ይመዝገብና ይቀመጥ።

የቱርክ ሽጉጥ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሳምሱንና ትራብዞን ከተሞች ውስጥ በትክክለኛ ፋብሪካ የሚመረቱት ሽጉጦች ለዋጋቸው ጥሩ ናቸው፤ ሕጋዊ ሰነድ ያለው ካገኘሁ ከማካሮቭ ጎን አስቀምጬ አመዛዝነው ነበር። ችግሩ ከዚያው አገር የሚወጣው ሌላው ዓይነት፣ ማለትም ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራውና በኋላ በርሜሉ ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተለወጠው ነው። ከውጭ ሲያዩት ከእውነተኛው አይለይም። አካሉ ግን በአብዛኛው ከለስላሳ የዚንክ ቅይጥ ስለሚሠራ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት አይችልም፤ በተኳሹ እጅ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። አንድ ቀላል መለያ አለ፤ የእውነተኛ ሽጉጥ በርሜልና ተንሸራታች ብረት በመሆናቸው ማግኔት ይይዛቸዋል፤ የዚንኩን አይይዘውም። ዋጋው ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ፣ ሰነድ የሌለው፣ ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ግን ማግኔት እንኳ አያስፈልገውም፤ መተው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሸጥም መያዝም ያስከስሳል።

ያገለገለ ሽጉጥ ሲመረመር አስቀድሞ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ ተንሸራታቹ ተስቦ የጥይቱ ክፍል ባዶ መሆኑ በዐይንም በጣትም ይረጋገጣል፤ ካዝናውን አውጥቶ «ባዶ ነው» ማለት ብዙ ቤት አፍርሷል። ቀጥሎ ከሽጉጡ በፊት ካዝናውን እመለከታለሁ። ጥይት የሚነክስ፣ ማለትም ጥይቱ መሃል ላይ የሚሰካበት ሽጉጥ ሲመጣልኝ ጥፋቱን አብዛኛውን ጊዜ ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ከንፈሮቹ ወደ ውጭ ከተከፈቱ ወይም ሞላው ከደከመ የመጨረሻዎቹ ጥይቶች በትክክል አይጎርሱም። በማካሮቭ ላይ ደግሞ የመቺ መርፌው ሞላ የለውም፤ በነፃነት ይንሸራተታል። ስለዚህ ሽጉጡን ወደ ጆሮ አስጠግቶ መነቅነቅ ሳይሆን፣ ተንሸራታቹን ፈትቶ ለብቻው በማዘንበል መርፌው በቀላሉ ወጥቶ መግባቱን ማየት ነው፤ በተጋገረ ዘይት ከተያዘ ይከሽፋል፣ ወጥቶ ከቀረ ደግሞ ጥይት ሲጎርስ ሊተኩስ ይችላል። ቀለሃ አውጪው ጥርስ የተበላ ከሆነም ቀለሃው መውጫው ላይ ይሰካል። ከዚያ በኋላ በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ ወደፊት በሚጠቀሙበት የጥይት ዓይነት መሞከር ይቀራል። የጥይት ዋጋ እጅ እንደሚያሳጥር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሽጉጡ ጋር ባሉት ካዝናዎች ሁሉ ተከፋፍሎ ቢያንስ 50 ጥይት ሳይነክስና ሳይከሽፍ ካልተኮሰ እኔ አላምነውም።

የአየሩ ነገርም አለ። በበጋ አቧራው፣ በክረምት እርጥበቱ ሁለቱም ሽጉጥ ያበላሻሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። በበጋ ዘይት ሲበዛ አቧራውን ጠርቶ ጭቃ ያደርገዋልና በጨርቅ ተጠርጎ የሚቀር ስስ ዘይት ይበቃል። በክረምት የቆዳ ማህደር እርጥበት ስለሚይዝ ሽጉጡን በማህደሩ ውስጥ ማሳደር ዝገት ማርባት ነው፤ አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ በደረቅ ቦታ መቆለፍ ይገባል። ጋቢ ሥር የሚታጠቅ ደግሞ የጥጡ ብናኝ መዶሻው ሥር ስለሚከማች በየሳምንቱ ቢያየው ጥሩ ነው።

ከሽጉጡ ዋጋ የተረፈ ገንዘብ ካለ በቀንድ እጀታ ወይም በተቀረጸ ስም ላይ አይውልም። መጀመሪያ ልጅ የማይከፍተው የብረት ሳጥን፣ ቀጥሎ ትርፍ ካዝና፣ ከዚያ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማህደር ይገዛል። ጥይቱም በሌላ ቁልፍ ለብቻው ይቀመጣል። ለሠርግና ለጥምቀት ወደ ሰማይ መተኮስ የሚያምረው ሰው ካለ ግን ሽጉጥ ባይገዛ እመርጣለሁ፤ ወደ ላይ የሄደው ጥይት ተመልሶ የሚያርፈው የሰው ጣራ ላይ ነውና።