ለሲስተራችን ምስጋና፣ ለርዕሳነ መምህራንም ጥቆማ

በድሬዳዋ ከተማ በአንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በርዕሰ መምህርነት ስሠራ ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፈው በድሬዳዋና በሐረር ያለነውን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን እርስ በርስ ያስተዋወቁንን፣ ለብዙ ዓመታት ትምህርት ቤት መርተው ኃላፊነቱን ካስረከቡ በኋላም እየተመላለሱ የሚያግዙንን አንዲት እናት በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እንደወትሮው «ሲስተር» ብያቸው እቀጥላለሁ።

ከመምህርነት ወደዚህ ወንበር የመጣ ሰው ቶሎ የሚሰማው ብቸኝነት ነው። ትናንት አብረውት ሻይ ይጠጡ የነበሩ መምህራን ዛሬ እሱ ሲገባ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ተጠሪነቱ በሁለት በኩል ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠውና በኢንስፔክሽን ከ1 እስከ 4 ደረጃ የሚያወጣልን የመንግሥት ትምህርት አካል ሲሆን፣ ቀጣሪያችን ቤተ ክርስቲያን ናት። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት የማስረጃ ፋይል በማደራጀት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሲስተር መጀመሪያ የመጡ ዕለት እነዚያኑ ፋይሎች በኩራት ደረደርኩላቸው። አንዱን ገልጠው መልሰው ዘጉና፣ «መምህር፣ በዚህ ሳምንት ስንት ክፍል ገብተህ ተቀመጥክ?» አሉኝ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ አንድም አልገባሁም። አልተቆጡም። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ የማክሰኞንና የሐሙስን የመጀመሪያ ሁለት ክፍለ ጊዜያት በእርሳስ ከበቡና፣ በእነዚያ ሰዓታት ወላጅ ቢመጣ ምክትሌ እንዲያነጋግር፣ እኔ ግን ከተማሪዎቹ ጋር ከኋላ ወንበር እንድቀመጥ አዘዙኝ። (በድሬዳዋ ሙቀት ከረፋዱ በኋላ ከኋላ ወንበር ላይ ነቅቶ መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ ሳያውቁት አይቀሩም።)

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስላገናኙን ነው። እያንዳንዳችንን ከሌላው ከተማ ካለ ርዕሰ መምህር ጋር ያጣመሩን ሲሆን፣ እኔም ሐረር ካለች ርዕሰ መምህርት ጋር ተጣምሬ ተራ በተራ በደንገጎ በኩል 55 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዝን አንዳችን የሌላውን ትምህርት ቤት እናያለን። አምና አንድ ሙስሊም አባት ልጃቸውን ቅዳሴ እንዳናስገባት ሰግተው ሊያስወጧት መጡ። ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆን እንዳለበት የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 90 ጠቅሼ ደብዳቤ ልጽፍላቸው ተሰናድቼ ሳለ ለባልደረባዬ ደወልኩላት። እሷ ግን ተመሳሳይ ጉዳይ ገጥሟት እንደነበር ነግራኝ፣ አባትየውን የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ላይ አስቀምጣቸው አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ተቀምጠው አዳመጡና ልጃቸውን ሳያስወጡ ሄዱ። ዘንድሮ ታናሽ ወንድሟንም አስመዘገቡ።

ይህን በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ባነሳሁ ጊዜ፣ ሲስተር በሐረር የካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) አባል የነበሩት ጳጳስ ዣሮሶ፣ በሕዝቡ አጠራር አባ እንድርያስ፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን ልጅ ተፈሪን እንዳስተማሩ፣ ተማሪያቸው ግን በኦርቶዶክስነታቸው እንደጸኑ አስታወሱን። የሌላውን ልጅ ሳይወስዱ ማስተማር ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለታቸው ነበር። የእኛ ካቶሊክነት በደጃፍ መስቀል ብቻ የሚገለጽ ይመስለን ለነበርን አንዳንዶቻችን፣ የዚያን ቀን ውይይት ከብዙ ሥልጠና ይበልጥ ረድቶናል።

ጉድለት የላቸውም አልልም። ስብሰባቸው ሁልጊዜ ከተያዘለት ሰዓት ያልፋል፤ ቴሌግራም አይወዱምና ነገር ካላቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይደውላሉ።

በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ የቤተ ክርስቲያን ወይም የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ በተለይም ኃላፊነቱን በቅርቡ የተረከባችሁ ወገኖች፣ እኚህን እናት አንድ ጊዜ ብትጋብዟቸው አትቆጩም። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ፤ ከትራንስፖርት በቀር ክፍያ አይቀበሉም። ሲመጡ ቢሮ አታሰናዱላቸው፤ ከአንድ ክፍል ኋላ ወንበር ይበቃቸዋል።